አስቸኳይ! ተመልካቹ ሲመርጥ ሙዚቃው ስቅ ይላል

ሞንታዥ
ወገን፣ ድረሱልኝ። ተመልካቹ ታሪኩን እየመረጠ የሚመራው አጭር ፊልም አለ፤ ድምፁን የምሠራው እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት ይታያል። ሴትዮዋ በሩ ፊት ስትቆም «ክፈቺ» እና «ተመለሺ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይመጣሉ። ለመምረጥ 10 ሰከንድ አለ፤ እስከዚያ ከሥር ሙዚቃ እየተደጋገመ ይዞራል። በየዙሩ ስቅ ይላል። ሲመረጥ ደግሞ «ቀጭ» የምትል ድምፅ አለች። ኤዲት ላይ ስሰማው ግን ንጹሕ ነው! ሁሉንም ሞክሬያለሁ።

ባለካሴት
«ሁሉንም ሞክሬያለሁ» የሚል ሰው ምን እንደሞከረ ተናግሮ አያውቅም። በምን ነው የሚጫወተው? ፋይሉስ ምንድነው?

ጆሮ ጠቢ
ውሃ አጠጣው። ስቅታ በውሃ ነው የሚለቀው። ካልለቀቀው ፋይሉን ከፍተህ መነሻውን አጉልተህ እየው። ከመጀመሪያው ምት በፊት ቀጥ ያለች መስመር ካለች ኤምፒስሪ ነው የሠራህ።

አንጋፋው
ልጆች፣ ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 ሞንትሪያል በተካሄደው የዓለም ኤክስፖ ቼኮች እንዲህ ያለ ፊልም አሳይተዋል። ምርጫው ጋ ሲደርስ ፊልሙ ቆሞ አስተናጋጁ መድረክ ላይ ይወጣል። ታዳሚው ወንበሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ድምፅ ይሰጣል። የሚበልጠው ያሸንፋል፣ ፊልሙ ይቀጥላል። ሰው እያወራ ክፍተቱን ስለሚሞላው የሚዞር ሙዚቃ አላስፈለጋቸውም። የዛሬ ልጅ ግን ፊልሙ ሳይቆም ምርጫው እንዲገባ ይፈልጋል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጆሮ ጠቢ
ያኔ ድምፅ የሚሰጠው ታዳሚው ነበር። ዛሬ ድምፅ አምጣ የሚባለው ሞንታዥ ብቻ።

ሞንታዥ
ጋሼ፣ ታሪኩን ነገ ማታ ያጫውቱኝ፣ አሁን እሳት ላይ ነኝ። በብራውዘር ነው የሚጫወተው። የቅርንጫፎቹ ሙዚቃ ከቪዲዮው ጋር ተጣብቆ ነው የወጣው። የሚዞረው ግን ለብቻው ኤምፒስሪ ነው፣ ልክ 10 ሰከንድ። ፍጥነቱ 90 ቢፒኤም፣ በደቂቃ 90 ምት ማለት ነው። መስመሯም አለች፣ አየኋት!

ቆራጩ
ወደ ዋቭ ፋይል ቀይረው።

ዝምታ
እኔ ግን መጀመሪያውኑ ሙዚቃ ለምን አስፈለገ ነው የምለው። ሴትዮዋ በር ፊት ቆማለች። የሚያስፈራ ሙዚቃ ካስገባህ ማን «ክፈቺ» ይላል? አንተ መረጥክለት ማለት እኮ ነው። የክፍሉን ድምፅ ብቻ ተወው። ትንፋሿ ይሰማ፣ ከበሩ ጀርባ አንድ ነገር ይንቋቋ። እሱ ቢደጋገምም ማንም አይነቃበትም።

ሞንታዥ
ዳይሬክተሩ ያለ ሙዚቃ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል።

ቆራጩ
ዋቭ አድርገው።

ባለካሴት
ሰማንህ እኮ ወንድሜ።

ሽቦ
ቆራጩ ልክ ነው፣ ምክንያቱን አለመናገሩ ነው እንጂ። ኤምፒስሪ ድምፁን በ1152 ናሙና እየቆረጠ ነው የሚያሽገው፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ አንዷ ቁራጭ ወደ 26 ሚሊሰከንድ ናት። ርዝመትህ በዚያ እኩል ካልተካፈለ መጨረሻውን በዝምታ ይሞላዋል። መነሻው ላይም ይጨምራል። አንዴ ለሚሰማ ዘፈን ምንም አይደለም፣ ለሚዞር ግን ስቅታ ነው። በዋቭ ወይም በኦግ አውጣው፣ እነሱ እንዲህ ዝምታ አይጨምሩም።

ግን በዚያ አያልቅም። በ90 ቢፒኤም 10 ሰከንድ ስንት ምት ነው? 15። በአራት አራት የሚሄድ ከሆነ አንድ ምት ጎድሎሃል። ዋቭም ብታደርገው በየዙሩ ያነክሳል። ሙዚቃውን ወደ 96 ከፍ ካደረግከው 10 ሰከንድ ልክ 16 ምት፣ ማለትም አራት ባር ይሆናል። መንካት ካልፈለግክ ዙሩን 16 ምት፣ 10.67 ሰከንድ አድርገው። የመምረጫው ሰዓት ለብቻው ይቁጠር፣ ሙዚቃው ከእሱ እኩል ማለቅ የለበትም።

«ቀጭ» የምትለዋ ሌላ ናት። ሞገዱ ሽቅብ እንደወጣ ስትቆርጠው ድምፅ ማጉያው ባንዴ ወደ ዜሮ ይወድቃል፤ የምትሰማው እሱን ነው። ጫፎቹ ላይ 5 ሚሊሰከንድ ፌድ (ድምፁን ቀስ አድርጎ ማንሳትና ማውረድ) ይበቃል። ለነገ ይህን ብቻ አድርግ። ለወደፊቱ ግን ሙዚቃን ከቪዲዮ ጋር አታጣብቅ። ቪዲዮው ንግግርና ኮቴ ይያዝ። ሙዚቃው ከሥር በራሱ ሰዓት ይሂድ፣ ምርጫው ሲገባ ቀጣዩን ባር ጠብቆ ይለወጥ። በ96 ቢፒኤም ቢበዛ 2.5 ሰከንድ ነው የሚጠብቀው። ያንን ጥበቃ በሴትዮዋ ፊት ምስል ትሸፍነዋለህ።

ዝምታ
ወይም በዝምታ።

ሞንታዥ
ዋቭም፣ 96ም አደረግኩት። ስቅታው ጠፋ!! ፌዱን ልሞክር፣ መጣሁ።

ባለካሴት
ሦስት ቀን ሆነው። ማሳያው እንዴት ሆነ?

አዲስ ገቢ
ይቅርታ፣ እኔም ያው ችግር አለብኝ። ግን የኔ ዋቭ ነው፣ ምቱም ልክ ነው። መጋጠሚያው ላይ የሆነ ነገር ይጎድላል።

ሽቦ
ሪቨርብ (ማስተጋባት) አለው? ጭራውን ቆርጠኸው ይሆናል። ሙዚቃውን ሁለት ጊዜ ደጋግመህ አውጣና ሁለተኛውን ዙር ብቻ ቁረጥ። የመጀመሪያው ጭራ መነሻው ላይ ይተኛልሃል።

ቆራጩ
ዋቭ ነው ካለ እኔ የምለው የለኝም።