በ60 ሺህ ብር የባቡር ሲሙሌተር የሚያጫውት ዴስክቶፕ ይገኛል?

ሀዲድ_ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የባቡር ሲሙሌተር ልጀምር ነው። ዩቲዩብ ላይ ከነጂው ክፍል የተቀረጹ የባቡር ጉዞዎችን ሳይ ሳይ ቆይቼ አሁን ራሴ መንዳት አማረኝ። ያለኝ ላፕቶፕ የቢሮ ነው። ወርድ ሲከፍት እንኳን ፋኑ ይጮሃል፣ እሱን እርሱት።

በጀቴ 60 ሺህ ብር ነው። ሞኒተር (1080ፒ)፣ ኪቦርድና ማውስ አለኝ፣ ስለዚህ ብሩ ለኬዙና ለውስጡ ዕቃ ብቻ ነው። መጫወት የምፈልገው በዋናነት ትሬን ሲሙሌተር ክላሲክ እና ትሬን ሲም ወርልድ ነው። ኳስም ተኩስም አያምረኝም።

መገናኛ አንድ ሱቅ ሁለት ማሽን አሳዩኝ። አንደኛው መብራቱ የሚንቦገቦግ "ጌሚንግ" የሚሉት ነው፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ጊጋ ራም፣ 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ። ጄነሬሽኑ (የፕሮሰሰሩ ትውልድ) ስንተኛ ነው ብዬ ስጠይቅ "አይ ሰቨን ነው አልኩህ እኮ" አለኝ ሻጩ። ሁለተኛዋ ቀጠን ያለች ዴል ኦፕቲፕሌክስ ናት፣ ኮር አይ ፋይቭ 8ኛ ጄነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም። ካርድ የላትም፣ ዋጋዋ ግን ከመጀመሪያው ግማሽ አይሞላም።

ልቤ ወደ መጀመሪያው ነው። ምን ትላላችሁ? ወይስ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ ማስገጠም ይሻላል?

ጥገና_ቤት፦

ልብህን ለጊዜው አስቀምጠው :)

ሻጩ ጄነሬሽኑን ካልነገረህ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። "አይ ሰቨን" ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። አይ ሰቨን 2600 የሚባለው በፈረንጆች 2011 የወጣ ነው፣ 4 ኮር (ሥራውን የሚከፋፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች)። አይ ፋይቭ 8500 ደግሞ የ2018 ነው፣ 6 ኮር፣ እያንዳንዱ ኮርም ከአሮጌው የፈጠነ ነው። አሮጌውን አይ ሰቨን ቀይ ሰማያዊ መብራት ያለው ኬዝ ውስጥ ከተው በእጥፍ ይሸጡልሃል። ተመልሰህ ከሄድክ ማሽኑን አስከፍትና ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ተጫን፣ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) ላይ ስትሆን ሙሉ ስሙ ከላይ በቀኝ በኩል ይወጣል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር አራት አሃዝ ሆኖ በ2 ወይም በ3 ከጀመረ "አመሰግናለሁ" ብለህ ውጣ። በ8 ወይም በ9 ከጀመረ፣ ወይ ደግሞ አምስት አሃዝ ሆኖ በ10 ወይም በ12 ከጀመረ ቁጭ ብለህ ተከራከር።

8ኛ ጄነሬሽን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን የሚፈቅደው በኢንቴል በኩል ከ8ኛው ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

አሁን ወደ ባቡሩ። ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው፤ የባቡር ጌም እንደ ተኩስ ጌም አይደለም፣ ከካርዱ ይልቅ ፕሮሰሰሩን ነው የሚበላው። ክላሲክ መሠረቱ በ2009 የወጣው ሬይልወርክስ ነው፣ የዚያን ጊዜ አሠራሩ ደግሞ አብዛኛውን ሥራ አንድ ኮር ላይ ይጭናል። የሚጎትተው ፉርጎ ሁሉ ክብደትና ፍሬን፣ ሲግናሉ፣ ከወዲያ የሚመጣው ባቡር፣ ሁሉም እዚያ ይሰላል። ዛፉን፣ አጥሩን፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶውን ካርዱ ከመሳሉ በፊት "ይሄን ሳል፣ ያንን ሳል" እያለ የሚያቀብለውም ያው ፕሮሰሰር ነው። ስለዚህ የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው ወሳኙ። 12 ኮር ያለው አሮጌ ዚዮን (የሰርቨር ፕሮሰሰር) "ሰርቨር ነው፣ ይበርራል" ብለው ቢያሳዩህ ለዚህ ሥራ አይሆንህም፣ አንዱ ኮር ሲለፋ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ትሬን ሲም ወርልድ በአንሪል ኢንጂን 4 (ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) የተሠራ ነው፣ እሱ ካርድም ይፈልጋል፣ ግን ትልቅ ጣቢያ ስትገባ የሚያንቀው ያው ፕሮሰሰሩ ነው።

ባጭሩ እንደ ሁለተኛዋ ያለችው ማሽን ትሻላለች፣ 8ኛ ጄነሬሽን የቢሮ ማሽን ግዛ፣ ካርድ ጨምርበት።

ሸገር_ፒሲ፦

ጥገና_ቤት ልክ ነው፣ ግን ያቺን ቀጭኗን ዴል እንዳትገዛት!! ማሽኗ ክፉ ሆና አይደለም፣ ለካርድ አትሆንም።

የቢሮ ዴልና ኤችፒ በተለያየ መጠን ነው የሚመጣው። ትንሿ፣ መጽሐፍ የምታክለው፣ ካርድ መጨመሪያ ቦታ የላትም። መካከለኛዋ፣ አንተ ያየሃት ትመስለኛለች፣ ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ብቻ ነው የምትቀበለው፣ እሱ ደግሞ ገበያ ላይ ብርቅ ነው፣ ሲገኝም ከሙሉው ይወደዳል። ታወር የሚባለውን ቁመቱ ረዘም ያለውን ፈልግ፣ ሙሉ ካርድ ይገባበታል።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ክፍል)። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ትንሽ ነው፣ ቀጭኗ 200 ዋት ናት፣ ታወሩም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይርቅም፣ አብዛኛው ከ300 በታች ነው። "እቀይረዋለሁ" እንዳትል፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ገመድ የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ ተራ ፓወር ያለ አዳፕተር አይገጥምም። ስለዚህ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ፣ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው የምትፈልገው። ጂቲኤክስ 1650 ካገኘህ እሱን፣ ካልሆነ 1050 ቲአይ 4 ጊጋውን። 1650 ሁሉም አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ ከላይ ባለ 6 ቀዳዳ መሰኪያ አለው፣ ያ አይሆንህም። በዓይንህ አይተህ ግዛ።

አርኤክስ 580 በርካሽ ያቀርቡልሃል፣ 8 ጊጋ ነው ይሉሃል፣ እውነትም ነው። ግን 180 ዋት ገደማ የሚበላ ካርድ ነው፣ በዚያ ፓወር አታስነሳውም። ደግሞ 2048ኤስፒ የሚባል ዓይነት አለ፣ ስሙ 580 ነው፣ ጉልበቱ ግን የ570 ነው።

ሌላ ደግሞ የውሸት ካርድ አለ። አሮጌ ጂቲኤስ 450 ላይ ባዮሱን (ካርዱ ራሱን የሚያስተዋውቅበትን የውስጥ ፕሮግራም) ቀይረው 1050 ቲአይ ብሎ እንዲያወራ ያደርጉታል። ዊንዶውስ ራሱ ይታለላል። ጂፒዩ-ዚ የምትባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሽህ ላይ ጭነህ ሂድ፣ ብዙውን የውሸት ካርድ ስሙ ፊት ላይ "ፌክ" ብላ ታጋልጠዋለች። ሻጩ "ፍላሽ አይሰካም" ካለህ መልሱን አገኘህ።

አቢ_ሜሪላንድ፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። ሰዎቹ የሚመክሩህ ማሽን ይሠራል፣ ግን ማሻሻል የማትችለው ማሽን ነው። ፓወሩ አይቀየር፣ ማዘርቦርዱ ሌላ ኬዝ ውስጥ አይገባ። ከዓመት በኋላ ትሬን ሲም ወርልድን ሃይ (ከፍ ያለ የምስል ጥራት) ላይ ልጫወት ስትል ሁሉንም ጥለህ እንደገና ልትጀምር ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ፕሮሰሰርና ራም ኪስ ውስጥ ይገባሉ። አይ ስሪ 12100ኤፍ የሚባለው ፕሮሰሰር ርካሽ ነው፣ "አይ ስሪ" ስለተባለ አትናቀው፣ በአንድ ኮር ፍጥነት ከላይ የተጠቀሱትን ሁሉ ይበልጣል። ኤች610 ማዘርቦርድ፣ ሁለት 8 ጊጋ ራም፣ ደህና 500 ዋት ፓወር። ካርዱን አርኤክስ 6600 ብታደርገው 1080ፒ ላይ ለባቡር ከበቂ በላይ ነው። "ኤፍ" የሚለው ፊደል ግን አብሮት ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፣ ካርድ እስክታገኝ ስክሪንህ ጥቁር ነው። ካርዱን በኋላ ነው የምገዛው ካልክ ኤፍ የሌለበትን 12100 ውሰድ፣ ወይ ወደ ኤኤምዲ ሄደህ ራይዘን 5 5600ጂ። እሱ ውስጡ ያለው ግራፊክስ ክላሲክን ሴቲንጉን ዝቅ አድርገህ ያጫውትሃል። ግን ራሙ የግድ ሁለት ፍሬ ይሁን፣ በአንድ ፍሬ ብዙ ጉልበቱን ታጣለህ።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዩዝድ ዴስክቶፕ የምትገዙ ሰዎች ደግሞ ይቺን እወቁ። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው፣ የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው። 115 እና 230 የሚል ተጽፎበታል። እዚህ አሜሪካ 115 ላይ ነው የሚቀመጠው፣ የኢትዮጵያ መብራት 220 ነው። ሳትገለብጡ ከሰካችሁት ጧ ይልና ጢሱን ታዩታላችሁ። ማብሪያው የሌለው ከሆነ ላዩ ላይ 100-240 የሚል ጽሑፍ ካለ ችግር የለም።

ጥገና_ቤት፦

አቢ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ሰውዬው 60 ሺህ ብር ነው ያለው :) ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም፣ ግን በዚያ ብር አዲስ ማዘርቦርድ፣ አዲስ ፓወር፣ ከዚያ በላይ 6600 ሲደመር እዚህ አይዘጋም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለው ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ ቀዩ ማብሪያ ግን አፍህ ይባረክ፣ እኔ ጋ እንደዚያ ተቃጥሎ የሚመጣው ብዙ ነው።

የድሬ_ልጅ፦

ድሬዳዋ ላደገ ሰው ባቡር ሌላ ነገር ነው፣ ገና "ሲሙሌተር" የሚለውን ሳነብ ነው የገባሁት። ስለ ዕቃው ሌሎቹ ብለውታል፣ እኔ ስለ መጫወቱ ልጨምር።

መጀመሪያ ኤስኤስዲ (ከሀርድ ዲስክ የሚፈጥነው ማከማቻ)። ሀርድ ዲስክ ላይ እንዳትጭነው። ክላሲክ መንገዱን አንዴ አይጭነውም፣ እየነዳህ በሄድክ ቁጥር ከፊትህ ያለውን ቁራጭ እያመጣ ነው የሚሄደው። ዲስኩ ሲዘገይ ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ይሄ ሜዳ ላይ ሲሆን ምንም አይደል፣ ግን ጣቢያ ልትገባ ፍሬን ይዘህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ስትሆን ለሁለት ሰከንድ ቀጥ ካለ፣ ሲመለስ መቆም ያለብህን ቦታ አልፈሃል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ውዱ ኤስኤስዲ የግድ አይደለም፣ ሳታ የሚባለው ተራው ይበቃል። ግን 480 ወይም 512 ጊጋ ይሁን፣ ጥቂት መስመር ስትገዛ መቶ ጊጋ አለፈ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ክላሲክን ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚከፈትበት ፕሮግራም) ላይ ስትከፍት 32 ቢት ወይስ 64 ቢት ብሎ ይጠይቅሃል። 64ቱን ምረጥ። 32ቱ ከ4 ጊጋ በላይ ራም መጠቀም ስለማይችል ትልልቅ መስመር ላይ ድንገት ይዘጋል፣ አንተ ኮምፒውተሬ ተበላሸ ትላለህ።

ሦስተኛ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ካላየሁ አትበል። ባቡር ነው፣ 30 ላይ ቆልፈው፣ እኩል ሆኖ ይሂድልህ። 60ም 25ም እያለ ከሚዘል የተረጋጋ 30 ይሻላል። ጥላውን እና የርቀት ዕይታውን ቀንስ፣ የሚያንቁት እነሱ ናቸው። መስመርም ምረጥ፤ ትሬን ሲም ወርልድ ላይ ሳንድ ፓች ግሬድ ተራራ ላይ የጭነት ባቡር ነው፣ ለደካማ ማሽን ይቀላል፣ ከለንደን ወደ ብራይተን ግን ሕንፃውና ባቡሩ ብዛቱ ሌላ ነው። በዚያ ላይ የጭነት ባቡርን ቁልቁለት ላይ በፍሬን መያዝ ከተሳፋሪው የበለጠ ይጣፍጣል፣ ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

ብር ከማውጣትህ በፊት ደግሞ ኦፕን ሬይልስ እና ኦፕን ቢቪኢን ሞክር። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ደካማ ማሽን ላይ ይሄዳሉ። ኦፕን ሬይልስ ለ2001ዱ የማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር የተሠሩ መስመሮችን ያጫውታል፣ ነጻ መስመርም ይገኛል። መልኩ አሮጌ ነው፣ አነዳዱ ግን ቀልድ አይደለም። ከሳምንት በኋላ ከሰለቸህ 60 ሺህህ ተረፈ።

ስቲም ላይ ስትገዛ ቅናሽ ጠብቅ፣ የባቡር መስመሮች ቶሎ ቶሎ ይቀንሳሉ። ከገዛህ በኋላ ማሽንህ ካልቻለው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወትክ፣ ብርህን ይመልሱልሃል። ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ ይላክልኝ ካልክ ግን የሁለቱ አገር ዋጋ በጣም ከተለያየ ስቲም ሊከለክል ይችላል፣ አስቀድማችሁ እዩት።

ሀዲድ_ወዳጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። ዛሬ ያንን "ጌሚንግ" ሄጄ ታስክ ማናጀር ላይ አየሁት፣ አይ ሰቨን 3770 ነው። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሌላ ሱቅ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 ታወር አገኘሁ፣ አይ ፋይቭ 8500፣ 8 ጊጋ ራም አንድ ፍሬ፣ 256 ኤስኤስዲ። ቅዳሜ ልወስዳት ነው። ካርዱን አብሬ ልግዛ ወይስ መጀመሪያ በኦፕን ሬይልስ ልሞክራት? ደግሞ እኛ ሰፈር መብራት ይመላለሳል፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) የግድ ነው?

ጥገና_ቤት፦

ጥሩ ማሽን ነው። መጀመሪያ ራም ጨምር፣ አንድ 8 ጊጋ ያንኑ ዓይነት፣ ዲዲአር4። ካርዱ ሁለት ሳምንት ቢቆይ አትሞትም፣ ኦፕን ሬይልስ በውስጡ ባለው ግራፊክስም ይሄዳል፣ ትሬን ሲም ወርልድ ግን ያለ ካርድ አይታሰብ። 256ቱን ለዊንዶውስ ተወው፣ ሌላ ሳታ ኤስኤስዲ ለጌሙ ትጨምራለህ፣ ቦታ አላት።

ዩፒኤስ ብር ከተረፈህ 650 ቪኤ ይበቃሃል፣ ለመጫወት ሳይሆን ሴቭ አድርገህ ለመዝጋት። ብሩ ካልበቃ ቢያንስ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀል፣ ማሽን የሚገድለው መሄዱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ኃይል ነው።

ቅዳሜ ስትሄድ የጎን ክዳኑን አስከፍት። ፓወሩ ላይ ስንት ዋት እንደሚል ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፈው፣ የትኛው ካርድ እንደሚችል ከዚያ እንነግርሃለን። የካርዱ ቦታ እስከ ፊት ለፊቱ ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለካ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፋን በአቧራ ከታፈነ አጽድተው አዲስ ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ቀብተው እንዲሰጡህ ከዋጋው ጋር ተደራደር፣ ከተከፈለ በኋላ ማንም አይቀባልህም። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት ትቆይ፣ ዩቲዩብ ላይ 1080ፒ ቪዲዮ ክፈትባት፣ አንተ ቡናህን ጠጣ። እስክትመለስ ካልጠፋች ክፈል።