መርፌን ለሚፈሩ ልጆችና ወጣቶች፦ ከመድኃኒት ውጭ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በጎንደር በሕፃናት ክፍል የማገለግል ነርስ ነኝ። ልጆቹ ከሕመሙ ይልቅ በፍርሃቱ ሲሠቃዩ ስለማይ፣ ጭንቀታቸውን የምናቃልልበትን መንገድ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ። ጸበል የሚሄዱትን ቤተሰቦችስ እንዴት ላነጋግራቸው?

መልስ 1፦ እንደ ዕድሜው ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው ምክር፣ የሚጠባ ሕፃን በእናቱ ታቅፎ ከክትባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም በዚያው ጊዜ እንዲጠባ ይመክራል። ከፍ ላሉት ተረት መንገር ወይም የሳሙና አረፋ ማስነፋት ሐሳባቸውን ይወስዳል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉት ግን ይህ ንቀት ሊመስላቸው ስለሚችል፣ የሚደረገውን በግልጽ ማስረዳት፣ ክንዳቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ መፍቀድና በዝግታ ማስተንፈስ ይሻላል። «አያምም» ብሎ መዋሸትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ አያምነንም።

መልስ 2፦ ጸበሉን አትንቀፊ፤ ብትነቅፊ ይደብቁሻል። ይልቁንም መድኃኒቱ ከጸበሉ ጎን እንዲቀጥል ተስማሙ፤ በተለይ ኢንሱሊንና የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጡ ለሕይወት ያሰጋሉ። ጾም የሚይዝ የስኳር ሕመምተኛ ወጣት ካለም አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይመካከር።

መልስ 3፦ በሁለቱም እስማማለሁ፤ ሆኖም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን ብርቱ ሕመም በጨዋታ ብቻ ለማለፍ መሞከር ስለማይገባ፣ የታዘዘው ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጥ።