ጅማ ላይ የጃፓን ምግብ መሥሪያ ግብዓት የት ይገኛል?

የጅሬን እናት፦

ሰላም የጅማ ልጆች። ለትምህርት ሄጄ ጃፓን ሦስት ዓመት ኖረን ከተመለስን አራተኛ ወራችን ነው። ልጄ አፉን የፈታው እዛ ነው። አሁን ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ኦኒጊሪ ይለኛል። ለማታውቁት የሩዝ ጭብጦ በሉት። ትኩስ ሩዝ በእጅ ይጨበጥና መሐሉ ዓሣ ወይ ሌላ ነገር ገብቶበት ኖሪ በሚባል የደረቀ የባሕር አረም ይጠቀለላል።

ፈረንጅ አራዳ ያሉትን ሱፐርማርኬቶች አንድ በአንድ ዞርኩ፣ ያገኘሁት ሶይ ሶስና ባስማቲ ሩዝ ብቻ ነው። ባስማቲውን ጨበጥኩት ጨበጥኩት፣ እንደ ቆሎ ተበተነብኝ። አንዱ ሻጭ ኖሪ ስለው "የፀጉር ነው?" አለኝ። ሩዙ፣ ኖሪው፣ ሚሶው (የአኩሪ አተር ሊጡ)፣ ሚሪኑ (ጣፋጩ የማብሰያ መጠጥ)፣ ዳሺው (የሾርባ መረቁ)፣ የሩዝ አቼቶው፣ ከእነዚህ የትኛው እዚህ ይገኛል? የማይገኘውስ በምን ይተካል? ለዚህ ብዬ 350 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ አልሄድም።

አባ ቡና 22፦

ሁለት ሳምንት ሽሮ ብቻ ስጪው፣ ይረሳዋል። እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው።

የሂርማታ ባለጓዳ፦

አባ ቡና፣ ተወን እስቲ። እህቴ፣ የተሳሳትሽው ሱፐርማርኬት መሄድሽ ላይ ነው። እኔ ጃፓኖች ቤት ምግብ ሠርቼ አውቃለሁ፣ ከሚፈልጉት ግማሹን የማገኘው ሂርማታ፣ ሐሙስ ገበያ ነበር፣ ስሙ ሌላ ሆኖ ነው እንጂ።

ከሩዙ ልጀምር። ባስማቲ በባሕሪው አይያያዝም፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። የአገር ውስጡን ሩዝ ግዢ፣ የፎገራ የሚባለውን። አጠር ደልደል ያለ ፍሬ ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ ሲበስል ይጣበቃል እያለ፣ አንቺ ደግሞ የምትፈልጊው እሱኑ መጣበቁን ነው። መጀመሪያ ልቀሚው፣ ጠጠር አያጣውም። ከዚያ ውኃው እስኪጠራ እጠቢው፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰሽ ክደኚው። አታማስይው። ስታወርጂውም 10 ደቂቃ ያህል ሳትከፍቺ እፍን አድርገሽ ተይው። እጅሽን በጨው ውኃ አርጥበሽ በትኩሱ ጨብጪው። መሐሉ የጣሳ ቱና በማዮኔዝ ለውሰሽ ክተቺበት፣ ጃፓንም ልጆች የሚወዱት እሱን ነው፣ ቱና ደግሞ የትም ሱቅ አለ።

ዋሳቢ፣ ያን አረንጓዴውን ማቃጠያ ከፈለግሽ ሰናፍጭ አለልሽ። ወደ አፍንጫ የሚወጣው ማቃጠሉ አንድ ነው። እዛም ቢሆን በቱቦ የሚሸጠው ርካሹ ዋሳቢ ብዙውን ጊዜ የሌላ ሥር ከሰናፍጭ ጋር ተቀላቅሎ አረንጓዴ ቀለም የተደረገበት ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ለውሺውና ከድነሽ ጥቂት ደቂቃ አቆይው። የፈላ ውኃ ካገኘው ኃይሉ ይሞታል።

ሌላው ጎደሬ ነው። ጃፓኖች ሳቶኢሞ የሚሉት ይሄው የኛ ጎደሬ ነው፣ ተክሉ አንድ ነው፣ እነሱ ትንንሹን ይወዳሉ። ስትልጪው እጅ ያሳክካል፣ ዘይት ተቀቢ። በደንብ ቀቅለሽ ውኃውን ድፊ፣ ከዚያ በሶይ ሶስ፣ በስኳርና በትንሽ ውኃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ሶይ ሶስ ስትገዢ ጥቁርና ወፍራሙን ተይ፣ ቀጠን ያለውን አንሺ።

ለዶሮ ጥብሳቸው የሚነሰንሱት ዱቄት ደግሞ የድንች ስታርች ነው። እኔ ደረቅ ቡላ ነው የምጠቀመው፣ በጣም ነው የሚንኮሻኮሸው።

ኖሪ የለም። አትድከሚ።

ኪቶ ፉርዲሳ፦

ባለጓዳ ጥሩ አስረድታለች፣ ሩዙ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ውኃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ የጃፓኑ ፓኬት ላይ የተጻፈውን ውኃና ደቂቃ እንዳለ ከተከተልሽ ሩዙ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ውኃውንም ጊዜውንም ትንሽ ጨምሪ። የፎገራው ሩዝ የሚጣበቀው በዝርያው ነው፣ በብዛት የሚዘራው ኤክስ ጅግና ከሰሜን ኮሪያ የመጣና የጃፓኑ ሩዝ ዘመድ ነው።

ሚሪን የሩዝ መጠጥ ነው፣ እውነተኛው 14 ከመቶ ገደማ አልኮል አለው። ቤትሽ ሐላል የሚጠብቅ ከሆነ ስኳር በትንሽ ውኃ ይበቃል። እኛ ቤት ማር ነው የምናደርገው፣ በጅማ ማር ማን ይከፋል። የሩዝ አቼቶ ካጣሽ የፖም አቼቶ በውኃ አቅጥነሽ ትንሽ ስኳርና ጨው ጨምሪበት።

አባ ቡና 22፦

ሚሶውስ? እኔ ሽሮ በሶይ ሶስ በጥብጬ ሠርቼ አውቃለሁ፣ ማንም አልለየውም።

ኪቶ ፉርዲሳ፦

ማንም አልለየውም ወይስ ማንም ቀምሶት አያውቅም? ሽሮ አልተብላላም፣ ላዩ ላይ ደግሞ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት አለበት። ሚሶ ከአኩሪ አተር፣ ከጨውና ኮጂ የሚባል ሻጋታ ካበቀለ ሩዝ ተሠርቶ ወራት ይቆያል። በጠባዩ የሚቀርበው የኛ ነገር ስልጆ ነው፣ እሱም ጥራጥሬ ተብላልቶ የሚሠራ ነው፣ ግን ይኮመጥጣል፣ በሾርባ ላይ አይሆንም። እናቴ፣ አደራ፣ ሩዝ አሻግቼ ራሴ ልሥራው እንዳትዪ። የኮጂ ዘመዶች የሆኑ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያወጡ ሻጋታዎች አሉ፣ በዓይን አይለዩም። ሚሶ ይገዛል፣ ፍሪጅ ውስጥ ወራት ይቆያል፣ አንድ ጊዜ ማስመጣት ነው።

እኔ ናቶ የሚሉትን የተብላላ አኩሪ አተር ልሥራ ብዬ አኩሪ አተር ቀቅዬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ሙቅ ቦታ አንድ ቀን ሙሉ አስተኝቼ አውቃለሁ። ሽታው ሳሎን ሲደርስ ድስቱም እኔም በረንዳ አደርን።

ጾመኛዋ፦

ስለ ዳሺ ማንም አላነሳም። ዋናው የሚሠራው ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረምና ከደረቀ ዓሣ ነው፣ መነኮሶቻቸው ግን ዓሣ ስለማይበሉ በኮምቡና በደረቀ እንጉዳይ ይሠሩታል። ለጾም ይሄ ተስማምቶኛል። ኮምቡ የለኝም፣ የሚመረተውን እንጉዳይ ገዝቼ ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ፣ ማታ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፌ አድራለሁ፣ ጠዋት ውኃው ቡናማ ሆኖ ይጠብቀኛል። ጣዕሙ ያው ነው አልልም፣ ግን ከሾርባ ኩብ ይሻላል። ጫካ የተለቀመ እንጉዳይ ካላወቅሽው አትንኪ።

ዓሣ ከተነሳ፣ ከግልገል ጊቤ የሚመጣውን ቆሮሶ ለሱሺ ጥሬውን እንዳትሞክሪው። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል አያጣውም። አብስዪው።

የጅሬን እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ለሁላችሁም። ሐሙስ ሂርማታ ወጣሁ። ሩዙ ሠራ! የመጀመሪያው ትንሽ ላላብኝ፣ ሁለተኛው ልክ መጣ። ኖሪ ስለሌለ ሰሊጥ ቆልቼ ከጨው ጋር ላዩ ላይ ነሰነስኩበት፣ ልጁ "ጥቁሩ የታለ?" ብሎ ትንሽ አኩርፎ ሦስት በላ። ኖሪና ሚሶ አዲስ አበባ ያለች እህቴ ቦሌ ካሉት የእስያ ዕቃ ሱቆች ፈልጋ በአውቶቡስ ልትልክልኝ ነው።

ቡላ ስትሉ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ሞከርኩት። እዛ ዋራቢ ሞቺ የሚባል ጣፋጭ አለ፣ ከስታርች የሚሠራ፣ ላዩ ላይ የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት የሚነሰነስበት። ቡላውን በስኳርና በውኃ አገንፍቼ፣ ሰፊ ሳህን ላይ አቀዝቅዤ ቆራረጥኩት። ዱቄቱን ለልጁ ምጥን ብዬ ካስፈጨሁት የተቆላ አኩሪ አተር ላይ ቀነስኩለት። እንደዛኛው አይለጠጥም፣ የእንሰት ጠረንም አለው፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ጎደሬውን ግን እማዬ ፊት ነው ያቀረብኩት። ልጁ "ሳቶኢሞ!" ብሎ ሲጮህ አየችው፣ ሳህኑን አየችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ጎደሬ ለመቀቀል ነው ሦስት ዓመት የተማርሽው?" አለችኝ።

አባ ቡና 22፦

እማማ ልክ ናቸው። ቡላው ግን ከተረፈ አድራሻ ልላክ?