የደቻቱን ግንብ ከፍ እናድርግ ወይስ ተራራውን እንሰር?

አወያይ፦ ድሬዳዋ ከተማ ለጎርፍ መከላከያ ያለው በጀት አንድ ብቻ ቢሆን፣ ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ የዳር ግንብ ለማሳደግ ይዋል ወይስ ከከተማው በላይ ወዳለው ደንገጎ ተዳፋት ወጥቶ እርከንና ክትር (ቦረቦር ውስጥ ውሃ የሚያዘገይ አነስተኛ ግድብ) ይሠራበት? ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ደራሽ ጎርፍ መጥቶ ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ሕይወት አልፏል። «ሁለቱም ያስፈልጋል» የሚለውን መልስ ለዛሬ አንቀበልም። ቅድሚያ ለየትኛው?

ግንበኛው፦ ለግንቡ። እርከን አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ይሠራል፤ ከባድ ዝናብ ሲረዝም ግን የሚመጣው ውሃ ይመጣል። ያን ጊዜ ወንዙ ዳር ላለ ቤት የሚደርስለት ግንብ ብቻ ነው። «የ50 ዓመት ጎርፍ» (በአማካይ በ50 ዓመት አንዴ የሚጠበቅ) ሲባል ሩቅ አይምሰላችሁ። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 45 በመቶ ነው፤ የ100 ዓመቱ እንኳ 26 በመቶ ነው።

ሃይድሮሊክስ 4ኛ ዓመት ተማሪ፦ አቦ፣ ከታች የሚሞላውን አሸዋ የት አደረስከው? ቁጥሩን እንየው። የደቻቱ ልኬት አይደለም፣ ለስሌት ብቻ የያዝኩት ነው። ወርዱ 40 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 2 ሜትር፣ ቁልቁለቱ 1 በመቶ፣ የማኒንግ ሸካራነት (ወለሉና ዳሩ ውሃውን ምን ያህል እንደሚያዘገዩ የሚያሳይ ቁጥር) 0.035 ይሁን። ፍጥነቱ በሰከንድ 4.26 ሜትር ይሆናል፣ የሚያልፈው ውሃ ደግሞ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ኩብ። አሁን ወለሉ ላይ ግማሽ ሜትር አሸዋ ይተኛ። ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ሲሆን ውሃው 214 ይሆናል። ግንቡ ሳይነካ፣ አንድ ድንጋይ ሳይወድቅ፣ ከአቅሙ 37 በመቶ ሄደ! ጥልቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሩቡ ነበር የሚጠፋው፤ ውሃው ሲሳሳ ፍጥነቱም ስለሚቀንስ ነው ጉዳቱ የባሰው። አሸዋው ደግሞ የሚመጣው ከተራራው ነው። ምንጩን ሳትይዝ ግንብ ብታሳድግ ወለሉ እየተከተለህ ይወጣል።

ግንበኛው፦ አሸዋው ይዛቃ! የግንባታ አሸዋ ፈላጊ ሞልቷል፤ ከተማው ሳይከፍል ይጠረግለታል።

መዋቅር (የግንባታ መዋቅር ሰው)፦ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ገልባጭ መኪና የሚጭነው ከሚመቸው ቦታ ነው፤ የሚመቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግንቡ ሥር ወይም ድልድዩ አጠገብ ነው። ግንብ የሚወድቀው ውሃ ከላይ ስለዘለለው ብቻ አይደለም። ጎርፉ እግሩ ሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ መሠረቱን ባዶ ሲያስቀረው ወደ ወንዙ ይጋደማል። መሠረቱ ጎርፉ ከሚቆፍረው ጥልቀት በታች መውረድ አለበት፤ ካልሆነም ከፊቱ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይነጠፍ። ጋቢዮኑም ቢሆን፣ የሽቦው ዓይን 8 በ10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 6 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ከሞሉበት በመጀመሪያው ጎርፍ ሾልኮ ያልቃል፣ ሳጥኑም እንደ ባዶ ከረጢት ይተኛል። ድንጋዩ ከ12 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በእጅ ይደርደር እንጂ ከመኪና አይገልበጥ።

ሌላው የሚረሳው ከግንቡ ጀርባ ያለው ውሃ ነው። በየ2 ሜትሩ ማስተንፈሻ ቱቦ፣ ከኋላው ደግሞ የጠጠር ማጣሪያ ከሌለ፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላ የረጠበው አፈር ግንቡን ይገፋዋል። በቆሻሻና በጫት ገረባ የተደፈነ ቱቦ ደግሞ ከሌለ አይሻልም።

ተፋሰስ (የተፋሰስ ሥራ ሰው)፦ ስለ ክትር እኔ ልናገር፤ ስሙ የጠፋው በአሠራር ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሁን። ቦረቦሩ 10 በመቶ ቁልቁለት ካለው ለ1 ሜትር ክትር ርቀቱ 10 ሜትር ነው። በ30 ሜትር አንድ የሠራ ሰው መሃሉን ለጎርፍ ሰጥቶታል። ጎንና ጎኑ ወደ ዳርቻው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይግባ። መሃሉ ከጫፎቹ ዝቅ ብሎ የውሃ ማሳለፊያ ይሁን። ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደግሞ ትልልቅ ድንጋይ ይነጠፍ። ብዙ ክትር የሚፈርሰው አናቱን ቀጥ አድርገው ሲገነቡት ነው፤ ውሃው ጠርዙን ዞሮ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። ሥራው ከላይ እንዲጀመርም አስተውሉ፤ ታችኛው ቀድሞ ከተሠራ አንድ ዝናብ በደለል ይሞላዋል።

ግንበኛው፦ እሺ፣ ክትሩ ሲሞላስ? በየዓመቱ ሊጠረግ ነው?

ተፋሰስ፦ አይጠረግም። ሞልቶ ቁልቁለቱን ደረጃ ደረጃ ካደረገው ሥራውን ሠርቷል፤ ውሃው ከዚያ ወዲያ እየዘለለ እንጂ እየጋለበ አይወርድም። የተጠራቀመው አፈር ላይ ዝሆኔ ሣር ይተከላል። ሣሩን ቆርጦ ለከብት የሚወስደው ባለ መሬቱ ከሆነ ክትሩን የሚጠግነውም እሱ ይሆናል።

ሃይድሮሊክስ 4ኛ ዓመት፦ አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ጎርፉ በሰከንድ 3 ሜትር ቢሮጥ 15 ኪሎ ሜትር ለመውረድ 83 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ ሊዘንብ ስለሚችል፣ ያ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ተራራው ላይ የዝናብ መለኪያ ካለ ብቻ ነው። መለኪያው ግን አፉ በአቧራና በቅጠል ከተደፈነ «ዝናብ የለም» እያለ ይዋሻል። በክረምት በየሳምንቱ የሚያጸዳው ሰው ስሙ ተጽፎ ይታወቅ። ሌሊት 8 ሰዓት ሳይረን እንዲጮህ የሚወስነው ማን እንደሆነም እንዲሁ፤ ስልክ ተደዋውሎ ፈቃድ እስኪጠየቅ 83ቱ ደቂቃ ያልቃል።

ግንበኛው፦ ይህን እቀበላለሁ፤ ከግንቡ በፊት መለኪያውና ሳይረኑ ይቅደም፣ ዋጋውም ከግንብ ጋር አይወዳደርም። ግንቡን ግን አልተውኩም። ከክረምት በፊትና በኋላ በየ100 ሜትሩ የወንዙ ወለል በሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ይለካ። ወለሉ ከፍ እያለ ከመጣ ገንዘቡ ወደ ተፋሰሱ ይሂድ፤ ካልተነሳ ግንቡ ይደግ።

መዋቅር፦ ሲለካ መነሻው ድልድዩ ላይ ምልክት ይደረግበት። አሸዋው ላይ የተተከለ ችካል ጎርፉ ይዞት ይሄዳል።