«እርስ በርስ ከተጠቋቆሙ ዲዛይኑ ተበላሽቷል» ልክ ነው?

የፒያሳ ልጅ፦
ትናንት አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን አንድ ወዳጃችን «ሁለት ኢንቲቲ እርስ በርስ ከተጠቋቆሙ ዲዛይኑ ተበላሽቷል» አለ (ኢንቲቲ ማለት ዳታቤዝ ውስጥ የምንመዘግበው፣ እንደ ቅርንጫፍና ሠራተኛ ያለ ነገር ነው)። እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ አለው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የዚያው ቅርንጫፍ ሠራተኛ ነው። ሥራው ራሱ እንዲህ ነው እኮ! ምኑ ነው የተበላሸው?

ካዛንቺስ፦
ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም አልመለስም። ሁለቱንም ፎሪን ኪ (የሌላውን ቴብል ረድፍ የሚጠቁመውን ዓምድ) ኖት ነል፣ ማለትም ባዶ የማይሆን፣ አድርግና ኢንሰርት አድርግ እስቲ። ቅርንጫፉን ስታስገባ ሥራ አስኪያጅ አምጣ ይልሃል። እሱን ስታስገባ ቅርንጫፍ አምጣ ይልሃል።

የፒያሳ ልጅ፦
ሁለቱንም ኖት ነል አድርግ ያለህ ማነው? አንዱን ተወው። ቅርንጫፉ ያለ ሥራ አስኪያጅ ይግባ፣ ሠራተኛው ይከተል፣ ከዚያ በአፕዴት ይገናኙ። ኤስኪውኤል አልኬሚ (የፓይተን ኮድን ከዳታቤዝ የሚያገናኘው ላይብረሪ) ለዚሁ ብሎ ፖስት አፕዴት የሚባል አማራጭ አለው።

ሽሮሜዳ፦
ቆይ፣ የምታወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሃይበርኔት (የጃቫው ተመሳሳይ ላይብረሪ) ላይ ቅርንጫፉ የሠራተኞቹን ዝርዝር ቢይዝ፣ ሠራተኛውም ቅርንጫፉን ቢይዝ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ፎሪን ኪ አንድ ብቻ ነው። እሱም ሠራተኛው ቴብል ላይ ነው። ሌላኛው ወገን በማፕድ ባይ ያንኑ ያነባል። እርስ በርስ የመጠቋቆሙ ክብ ሜሞሪ ውስጥ ነው ያለው። ይሄም «ተበላሽቷል» ውስጥ ይገባል?

ካዛንቺስ፦
«ሜሞሪ ውስጥ» ስትዪ ቀላል አስመሰልሽው እህቴ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ቅርንጫፍ ወደ ጄሰን (ዳታ በጽሑፍ የሚላክበት ቅርጸት) ልቀይር ብዬ ጃክሰን የሚባለው ቀያሪ ላይብረሪ ቅርንጫፍ፣ ሠራተኛ፣ ቅርንጫፍ፣ ሠራተኛ እያለ የጥሪ ሜሞሪው ሞልቶ ስታክ ኦቨርፍሎው እስኪሆን ዞረብኝ። ሎጉን ወደ ላይ ስገፋ ጣቴ ደከመ። ደንበኛው ስልክ ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

ሽሮሜዳ፦
አይዞህ፣ እኔም ደርሶብኛል። ግን ጥፋቱ የግንኙነቱ አይደለም። ኢንቲቲውን እንዳለ ወደ ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ዳታ ወደሚጠይቁበት በር) ማውጣትህ ነው። ዲቲኦ (የሚላከውን ብቻ የሚይዝ ክላስ) ሥራ፣ ወይ አንዱን ወገን ጄሰን ኢግኖር (ወደ ጄሰን አታውጣው) በለው።

ካዛንቺስ፦
ለ40 ኢንቲቲ 40 ዲቲኦ ልጻፍ?

ሽሮሜዳ፦
ለሚወጡት ብቻ።

የድሮ ዲቢኤ፦
ልጆች፣ ወደ ፎሪን ኪው ልመልሳችሁ። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ፎሪን ኪውን ዲፈረብል ኢኒሻሊ ዲፈርድ ካላችሁት የተጠቆመው ረድፍ መኖሩን መመርመሩ እስከ ኮሚት (ለውጡ እስኪጸና) ይቆያል። ሁለቱን አይዲ ከሲኩዌንስ (ከተራ ቁጥር ሰጪው) ቀድማችሁ ያዙ። ሁለቱም ኖት ነል ሆነው ይገባሉ።

ካዛንቺስ፦
ጋሼ፣ ማይኤስኪውኤል ላይስ? ዳታውን የሚያስቀምጥለት ሞተር፣ ኢኖዲቢ፣ ይሄን አይደግፍም። እኛ ቢሮ ያለው እሱ ነው። ለዚህ ነው «ተበላሽቷል» የምለው። ሥራ አስኪያጅነትን በሦስተኛ ቴብል ለዩት፣ ክቡ ይጠፋል። ማን ከመቼ እስከ መቼ እንደመራም ይያዝላችኋል።

የፒያሳ ልጅ፦
እሺ፣ ታሪኩን ከያዝክ ግን አንድ ቅርንጫፍ ብዙ ረድፍ ይኖረዋል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ አስኪያጅ እንዳይኖር ምን ይከለክላል? ቅርንጫፉ ላይ ዩኒክ (አይደገም የሚል ገደብ) ልታደርግ አትችልም። ፖስትግሬስ ቢሆን ማብቂያ ቀናቸው ባዶ በሆኑት (አሁን በሚመሩት) ላይ ብቻ ዩኒክ ኢንዴክስ ይሠራል።

የድሮ ዲቢኤ፦
ይህን ልጁ በደንብ አይቶታል።

ካዛንቺስ፦
ጋሼ፣ እርስዎም ከእሱ ጋር ሆኑ?

የፒያሳ ልጅ፦
ጋሼን ተዋቸው። «ተበላሽቷል» ያልከውን ታነሳለህ ወይስ አታነሳም?

ካዛንቺስ፦
አላነሳም። ነገ 11 ሰዓት እዚያው አራት ኪሎ ላፕቶፕህን ይዘህ ና። ሁለቱንም ኖት ነል አድርገህ አስገባልኝ።

የፒያሳ ልጅ፦
በፖስትግሬስ ከሆነ እመጣለሁ።

ካዛንቺስ፦
በማይኤስኪውኤል።