ጊታሬ ይጮኻል፣ ድምፁም ይቆራረጣል፤ አዲስ አበባ ልላካት ወይስ እዚሁ ደሴ ራሴ ልሞክር?

ጥያቄ፦ ጊታሪስቱ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ እንጫወታለን፤ ኪቦርድ፣ ድራም፣ ሳክስፎንና እኔ። ጊታሬ የስትራቶካስተር ዓይነት የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኢንዶኔዥያ የተሠራች፣ ሦስት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ያላት ናት። አጎቴ ከስድስት ዓመት በፊት ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣት ስትሆን ሌላ የለኝም።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ገመዱ ትንሽ ሲነቃነቅ ድምፁ ጥፍት ይልና መልሶ ይመጣል። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ጭራሽ ጠፋብኝ፤ መግቢያውን ሙሉ ኪቦርዱ ብቻውን ተሸከመው። በማግስቱ ለአንድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ወሰድኳት። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ጊታር ግን ከፍቶ አያውቅም። የፊቱን ፕላስቲክ አንስቶ ሁሉንም አየ፣ ጃኩን (ገመዱ የሚሰካበትን) ቀየረ፣ 600 ብር ከፈልኩት።

መቆራረጡ ለጊዜው ተወ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ላይ "እምምም" የሚል ጩኸት መጣ። ድሮ ክሩን ስይዘው ጸጥ ይል ነበር፤ አሁን ብይዘውም ባልይዘውም ያው ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ መቆራረጡም ተመለሰ። ቮሊዩሙን ሳዞረውም ይንኮሻኮሻል።

ሌላም አለ። ሦስተኛዋ ክር ስቃኛት "ጢን" ብላ ትዘላለች፤ ትዝታ ስጫወት ሳብ አድርጌ ስለቃት ወደ ቦታዋ አትመለስም። ከአስራ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) በላይ ስወጣ ደግሞ ከኪቦርዱ ጋር አንገጥምም።

አሁን ሁዳዴ ስለገባ ሰርግ የለም፤ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ጊዜ አለኝ። አዲስ አበባ ግን 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰው ይዞልኝ ቢሄድ እንኳ መንገድ ላይ አንገቷ እንዳይሰበር እፈራለሁ። ቤት ውስጥ ያለኝ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ርካሽ ቴስተርና 30 ዋት የሊድ ማቅለጫ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?


መልስ፦ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ

ልጄ፣ አዲስ አበባ አትላካት። የዘረዘርከው ሁሉ እዚያው ደሴ ላይ የሚያልቅ ነው።

እኔ በሙያዬ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ቴፕ ያሠራ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ። ጊታር መክፈት የጀመርኩት ቤተ ክርስቲያን የሚጫወተው ልጄ የእሱ ተበላሽቶበት ሲያለቅስ አይቼ ነው። ከዚያ የጓደኞቹ መጣ፣ ከዚያ የጓደኞቹ ጓደኞች። ከከፈትኳቸው ውስጥ የአብዛኞቹ ሕመም እንጨቱ ላይ አልነበረም፤ ጃኩና ሽቦው ላይ ነበር።

"የኤሌክትሪክ" ሲባል ሰው ይፈራል። ያንተ ዓይነት ጊታር በፈረንጆች 1954 ሲወጣ የነበረው ውስጡ ዛሬም ያው ነው ማለት ይቻላል፦ ሦስት ፒክአፕ፣ አንድ መምረጫ፣ አንድ ቮሊዩም፣ ሁለት ቶን፣ ካፓሲተርና ጃክ። ባትሪ የለው፣ መብራት አይገባው። ገመዱን ከነቀልክ በኋላ ጊታሯ ልትይዝህ አትችልም፤ ያለ ስጋት ክፈታት።

ከጩኸቱ ልጀምር። የሰው አካል ልክ እንደ አንቴና በቤቱ ውስጥ ካለው የመብራት መስመር 50 ኸርዙን ይሰበስባል። ክሩን ስትይዝ አካልህ በክሩ፣ ክሩ በብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ በሚያርፉበት ብረት)፣ ብሪጁ ደግሞ በአንዲት ቀጭን ሽቦ አማካይነት ከጃኩ ኧርዝ (የመሬት መስመር) ጋር ይገናኛል፤ ጩኸቱም ይወርዳል። ያቺ ሽቦ ከቮሊዩሙ ጀርባ ትነሳለች፣ እንጨቱ ውስጥ በተበሳው ቀዳዳ ታልፋለች፣ ከኋላ ስፕሪንጎቹ የተያዙበት ብረት ላይ ትበየዳለች። ጠጋኙ የፊቱን ፕላስቲክ ሲያነሳ ተስባ ተነቅላለች ብዬ ነው የማምነው። ሰውየውን አትቀየመው። ሬዲዮ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽቦ የለም፤ ለምን እንደተቀመጠች የነገረው ሰው አልነበረም።

በእኔ ቃል አትሂድ፣ ለካው። ቴስተሩን ኦህም ላይ አድርግ። ገመዱን ጊታሯ ላይ ሰክተህ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን በገመዱ ሌላኛ ጫፍ ባለው መሰኪያ የኋለኛው ወፍራም ክፍል ላይ አስነካ። ከ1 ኦህም ብዙም ካላለፈ ሽቦዋ ደህና ናት። ምንም ካላነበበ ተነቅላለች። አንድ ነገር ደግሞ አስተውል፦ ክሩን ስትነካ ጩኸቱ ጭራሽ የሚብስ ከሆነ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ተበይደዋል ማለት ነው፤ ያንተ ግን "ያው ነው" ስላልክ ይህ አይመስለኝም።

ብየዳው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስፕሪንጎቹ ማሰሪያ ወፍራም ብረት ነው፤ ያንተ 30 ዋት የሚያመጣውን ሙቀት ይበላዋል። ሊዱ ይቀልጥና ቅባት ላይ እንዳረፈ የውሃ ጠብታ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። የተበየደ ይመስላል፣ በጥፍር ስትጭረው ግን ፍንጥር ብሎ ይነሳል። 60 ወይም 80 ዋት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍገው፣ ሊድ ቀባው፣ የሽቦዋንም ጫፍ ለብቻ ቀባው፣ ከዚያ ሁለቱን አገናኝ። ትልቅ ማቅለጫ ከሌለህ ወደዚያው ጠጋኝ ተመለስ። እሱ አለው። "ይህች ሽቦ እዚህ ብረት ላይ ትበየዳለች" ብለህ በጣትህ አሳየው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን መቆራረጡ። ጃኩ የተያዘበትን ሁለት ብሎን ፍታና ሳህኑን ቀስ ብለህ አንሳው። ገመዱን ስካና ወደ ውስጥ ተመልከት። ጃኩ አንዲት የታጠፈች ምላስ አለችው፤ የገመዱን ጫፍ ጭምቅ አድርጋ መያዝ አለባት። ርካሽ ጃክ ላይ ይህች ምላስ ስስ ስለሆነች በአጭር ጊዜ ትዝላለች። ገመዱን ነቅለህ በፒንሳ በጣም ትንሽ ወደ ውስጥ እጠፋት። ቀጥሎ ከውጭ ያለችውን ዳዶ አጥብቃት፤ ስታጠብቅ ግን ጃኩን ከውስጥ በሌላኛው እጅህ ያዘው። ካልያዝከው ከዳዶዋ ጋር አብሮ ይዞርና ሽቦዎቹ ተጠምዝዘው ይበጠሳሉ። ስንት ጊታር በዚህ ምክንያት እንደመጣልኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ለቮሊዩሙ ኮንታክት ክሊነር የሚባለውን ፈልግ፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ሰዎች ያውቁታል። ከቮሊዩሙ ሦስት እግሮች በላይ ባለችው ክፍተት አንድ ጊዜ ርጭ አድርግበትና ማዞሪያውን 30 ጊዜ ያህል ከዳር እዳር አመላልሰው። ቤንዚን ወይም ዘይት እንዳታስገባ፤ ቤንዚኑ ውስጥ ያለውን ቅባት ያጥበዋል፣ ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል።

ተከፍታ ሳለች ፒክአፖቹንም ለካ። ቮሊዩሙን ሙሉ ክፈትና ቴስተሩን በገመዱ ጫፍና በኋለኛው ክፍል መሃል አድርግ። መምረጫው ዳር ወይም መሃል ላይ ሲሆን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ኦህም አካባቢ ታያለህ። በሁለቱ መካከለኛ ቦታዎች ሁለት ፒክአፕ አብረው ስለሚገቡ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይህን ካየህ ፒክአፖችህ ጤነኞች ናቸው።

የመጨረሻውን በደንብ ስማኝ። ይህች የክር ሽቦ ከተበየደች በኋላ ክሮችህ ከአምፑ ኧርዝ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሰርግ ቤት ደግሞ ድንኳን ውስጥ ነው፣ መስመሩ ተቀጣጥሎ የመጣ ነው፣ አንዳንዴ ጀኔሬተር ነው፤ የሶኬቱ ሦስተኛ እግር ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። አምፑ በአንድ መስመር፣ ሚክሰሩ በሌላ መስመር ሆኖ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ ሊይዝህ ይችላል። ማይክ ከመቅረብህ በፊት ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ በክርህና በማይኩ ብረት መሃል ለካ። ዜሮ አካባቢ ካልሆነ አትጫወት፤ ሁሉንም ከአንድ ኧርዝ ካለው መስመር ያስገቡልህ። የአምፑን የኧርዝ እግር ቆርጠው "ጩኸቱ ጠፋ" የሚሉህን ሰዎች አትስማ፤ ሰው የሚሞተው በዚያ ነው። አምፑ ባለ ቱቦ (እንደ ድሮ ሬዲዮ የመስታወት ቱቦ ያለው) ከሆነም አትክፈተው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ይቆያሉ።


መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ዕቃ ብቻ ነው። ለፋሲካ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ጃክና ቮሊዩም አስመጣ፤ ኪስ ውስጥ ይገባሉ። ጃክ "ስዊችክራፍት" በላቸው፣ ባለ ሁለት እግሩን፤ ምላሱ ወፍራም ነው። ቮሊዩሙን ግን ሳትለካ አትዘዝ። ለወንድሜ አንድ ጊዜ ልኬለት ቀዳዳው አላስገባው ብሎ ተመልሶ እኔው ጋ መጣ። የእስያ ጊታሮች ላይ ብዙ ጊዜ ትንሹ ዓይነት ነው የሚገጠመው፤ የአሜሪካኑ ቮሊዩም አንገት ወፍራም ስለሆነ 9.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። የማዞሪያው ጥርስም አይገጥምም። ያንተ ፒክአፖች ባለ ነጠላ የሽቦ ጥቅል ስለሆኑ ዋጋው 250 ኪሎ ኦህም የሆነውን ነው የምትፈልገው።


መልስ፦ እንጨት ሠሪዋ፣ ከባሕር ዳር

እኔ ክራርና ማሲንቆ ነው የምሠራው፤ ጊታርም ይመጣልኛል። ስለ ሽቦ አላወራም፣ ስለ ሦስተኛዋ ክር ግን ልንገርህ ወንድሜ።

"ጢን" የምትለው ክሩ ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት ማረፊያ) ላይ ባለችው ቦይ ውስጥ ስለሚጣበቅ ነው። ስትቃኝ ክሩ ይያዝና በኃይል ያመልጣል። ለዛሬ ክሩን አላልተህ ከቦይዋ አውጣውና በደንብ በተቀረጸ እርሳስ ቦይዋን ቀባብተህ መልሰው። የእርሳሱ ጥቁር ዱቄት ያንሸራትተዋል። ይህ ካልበቃው ቦይዋ ጠባለች፣ ወይም ፕላስቲኩ አልቋል። ያኔ አጥንት ነት አሠራ። የበሬ ቅልጥም ከልኳንዳ አምጥተን በሞረድ እናወጣዋለን፤ ከፕላስቲኩ ይልቅ ጠንካራ ነው፣ ድምፁም ጥርት ይላል።

ከአስራ ሁለተኛው ፍሬት በላይ የማይገጥመው ደግሞ ብሪጁ ላይ የሚስተካከል ነው፤ ግን መጀመሪያ አዲስ ክር አድርግ። ያረጀ ክር ተቃኝቶ አያልቅም። ከዚያ ክሩን ባዶውን ቃኘው፣ አስራ ሁለተኛው ላይ ጫን ብለህ ምታው። ከፍ ካለ የክሩን ማረፊያ በብሎኗ ወደ ኋላ ሳበው፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርበው። በየጊዜው ደግመህ ቃኝ።

አንገቷንም እይልኝ። በበጋ እንጨት ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል። የፍሬቶቹ ጫፍ መዳፍህን የሚቧጥጥ ከሆነ ፍሬቱ ወጥቶ አይደለም፣ እንጨቱ ተኮማትሮ ነው። ስድስተኛውን ክር የመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ላይ አንድ ላይ ጫናቸው። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ከክሩ ሥር የአንደኛ ክር ቁራጭ አሹልክ። 10 ቁጥር የሚባለው የአንደኛ ክር ውፍረት ሩብ ሚሊሜትር ነው። በትንሹ እየነካካ ካለፈ አንገቱ ደህና ነው፤ አትንካው። ሳይነካ ካለፈ የአንገቱን ብረት በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ወደ ቀኝ አጥብቅና እስከ ማግስቱ ተወው። አልዞርም ካለ በጉልበት አትሞክር፤ ያኔ ነው ወደ ሰው የሚኬደው። ፍሬት መሞረድም እንዲሁ፤ አንዴ የተበላ ፍሬት አይመለስም።


ጊታሪስቱ ከደሴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውጤቱን ልንገራችሁ።

ቴስተሩ በክሩና በጃኩ መሃል ምንም አላነበበም። የኋላውን ክዳን ስድስት ብሎን ፈትቼ ሳየው ሽቦዋ ቀዳዳዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ብረቱ ላይ የቀድሞው ሊድ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ጋሼ እንዳሉት ይዣት ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። ለምን እንደሆነች ስነግረው ራሱ ደነገጠ፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ በትልቁ ማቅለጫ በየደልኝ፣ ገንዘብ አልቀበልም አለኝ። አሁን 0.4 ኦህም ታነባለች። ክሩን ስይዘው ጩኸቱ ጸጥ ይላል።

የጃኩን ምላስ ራሴ አጠፍኩት። ሲሰካ "ቀጭ" ይላል፤ ገመዱን ብነቀንቀው ድምፁ አይጠፋም። ፒክአፖቹ 5.9፣ 6.0 እና 6.2 ናቸው። አንገቱም ደህና ነው፣ ክሩ እየነካካ አለፈ።

ትናንት የምንጫወትበት አዳራሽ ሄጄ በክሬና በማይኩ መሃል ለካሁ። 74 ቮልት አነበበ። ሦስት ዓመት እዚያ ዘፍነናል። ለባለቤቱ አሳየሁት፤ ኤሌክትሪሻን ጠርቷል።

ሦስተኛዋ ክር በእርሳሱ ተሻሽላለች ግን አልዳነችም። አጥንቱን እዚሁ ላሠራ ነው። ቅልጥሙ ጥሬውን ይሞረዳል ወይስ ይቀቀላል?


እንጨት ሠሪዋ፣ ከባሕር ዳር

መቅኑን አውጣ፣ ስቡ እስኪለቅ በውኃ ቀቅለው፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አድርቀው። ፀሐይ ላይ ካደረከው ይሰነጠቃል። የድሮውን ነት አትጣለው፤ የቦዮቹን ርቀት የምትለካው በእሱ ነው።


ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ

74 ቮልት! ልጄ፣ ኤሌክትሪሻኑ ሠርቶ ሲጨርስ በቃሉ አትመን፤ ቴስተርህን ይዘህ ሂድና እንደገና ለካ። የድምፃዊውንም ማይክ፣ የኪቦርዱንም ብረት ለካ። ቁጥሩን እዚህ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።