«ፕሊዝድ» ልበል ወይስ «ግላድ»? እንግሊዝኛ የምታውቁ አግዙኝ

ሰላም ወገኖች። ስታዲየም አካባቢ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። አለቃዬ ለእንግዶች ኢሜይል የምንልከውን መልስ አዘጋጅ ብላኛለች። ሌላው ቀላል ነው። የደስታ ቃላቱ ናቸው ናላዬን ያዞሩት።

እኛ «ደስ ብሎናል» ካልን አለቀ። እንግሊዝኛው ግን ግላድ፣ ፕሊዝድ፣ ዲላይትድ እያለ ይደረድራል። እስከገባኝ ድረስ ግላድ ለቀረቤታ ነው። ፕሊዝድ ወደ ደብዳቤ ያደላል፤ ክፍል መያዙን ስናረጋግጥ ይሄዳል። ዲላይትድ ከሁሉም ይበረታል። ባልደረባዬ «ቬሪ ዲላይትድ» በል ይለኛል። ቃሉ ራሱ «እጅግ» የሚለውን ይዞ የለ እንዴ? ቬሪ ምን ይጨምርለታል? «አብሶሉትሊ ዲላይትድ» ሲሉ ግን እሰማለሁ።

ማይ ፕሌዠርና ዊዝ ፕሌዠር አያምታቱኝም። የመጀመሪያው ለምስጋና መልስ ነው። ሁለተኛው «ሻንጣዬን አውጣልኝ» ሲሉህ «በደስታ» እንደማለት ነው።

የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ እንግዳ ሌሊቱን ሙቅ ውሃ አልነበረም ብሎ አማሯል። እዚያው ላይ ሠራተኞቹን አመስግኗል። ይቅርታውን ጽፌያለሁ። ለምስጋናው ምን ልበል? ዲላይትድ ካልኩ፣ ሰውዬው በብርድ ሲንዘፈዘፍ እኔ የምጨፍር ይመስላል። ፕሊዝድ ደግሞ የአለቃ ቃል አይሆንም? ግላድ ብቻውን ይበቃል?

ደግሞ ኢንጆይ አለ። አስተናጋጆቻችን ሳህን አስቀምጠው «ኢንጆይ!» ብለው ይሄዳሉ። በጽሑፍ ግን «ኢንጆይ ዩር ስቴይ» ተብሎ ምኑ እንደሆነ መጠቀስ ያለበት ይመስለኛል። ልክ ነኝ?

ነገ ጠዋት ነው የማስረክበው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።